የኪነ ጥበብ ምሽት ለምታዘጋጁ ተማሪዎች

በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ከትምህርቱ እኩል ያደከመኝ ነገር ቢኖር የኪነ ጥበብ ክበቡ ነው። የክበብ ኃላፊነት ማንም ፈልጎ አይወስደውም። የቀደሙት ይመረቃሉ፣ ስብሰባ ይጠራል፣ በሰዓቱ የተገኘ ሰው ይመረጣል። እኔም የተመረጥኩት በሰዓቱ ስለተገኘሁ ነው።

ያን ዓመት ያዘጋጀነው ዓመታዊ ምሽት አልሆነልንም። የሚቀጥለው ዓመት ግን ሆነ። በሁለቱ መካከል የገባኝን ነገር ልጽፍላችሁ ነው። አሁን የሆነ ግቢ ውስጥ አንድ ተማሪ ወረቀት ይዞ የአቅራቢዎችን ስም እየመዘገበ እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢያንስ እሱ ይትረፍ።

እኛም የጀመርነው በስም ዝርዝር ነበር። ክበቡ ውስጥ ግጥም የማይጽፍ የለም። ጊታር የሚነካካ አለ፣ ጭውውት የሚሠራ አለ፣ ጭፈራ የሚችል ሞልቷል። "እሱ ገብቶ እኔ ለምን እቀራለሁ?" እንዳይባል ሁሉንም አስገባን። የሥዕል ዐውደ ርዕይና አጭር ተውኔትም ጨመርን። የክብር እንግዳ ንግግርም አለ፤ እሱማ አይቀርም። ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ ሰጥተን ስንደምረው ወረቀቱ ላይ አማረ።

ያልደመርነው መሀሉን ነው። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ፣ የማይኩ ቁመት እስኪስተካከል፣ መድረክ መሪው ቀልዱን እስኪጨርስ ሦስት ደቂቃ ይሄዳል። ሃያ አቅራቢ ካላችሁ ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ የተሰጠው ገጣሚ ደግሞ በአምስት ደቂቃ አይወርድም። "ግጥሙን ከማንበቤ በፊት" ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ሌላ ግጥም ይደግማል፤ ተጨብጭቦለታላ!

ዩኒቨርሲቲያችን ከተማ መሀል ነው። ብዙው ተማሪ ግቢ ውስጥ አያድርም፤ ሲመሽ ትራንስፖርት ይጨነቃል። በጣም የተለፋበትን ተውኔት ደግሞ "ጣፋጩ መጨረሻ ይሁን" ብለን መዝጊያ ላይ አስቀምጠነው ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ሰው ቦርሳውን እያነገተ ነበር። ልጆቹ ስንት ወር የተለማመዱትን ለወንበር ተጫወቱት። ከመካከላቸው አንዷ ከዚያ በኋላ ክበቡን ረግጣው አታውቅም፤ አልፈርድባትም።

አዳራሹንም ትልቁን ካልሆነ አልን። ትልቅ አዳራሽ የያዘ ዝግጅት ትልቅ ይመስለን ነበር። ደብዳቤያችን ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል ሰንብቶ ፊርማ ያገኘው በመጨረሻው ሰዓት ነው። የፈቀደው ሰውና ቁልፍ የያዘው ሰው የተለያዩ መሆናቸውን ያወቅነው ደግሞ በዕለቱ በር ላይ ቆመን ነው። ለድምፅ ሙከራ የያዝነው ከሰዓት በኋላ በቁልፍ ፍለጋ አለቀ።

ከዚያ ማይኩ ጮኸ። ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት። ድምፅ ላይ የተቀመጠው ልጅ ይቀንሰዋል። ሲቀንሰው ገጣሚው አይሰማም። ከኋላ "አይሰማም!" ይባላል፤ ይጨምረዋል፤ እንደገና ይጮሃል። አዳራሹ ግማሹ እንኳ ስላልሞላ ጭብጨባው ራሱ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንደገባ ሳንቲም ይንኳኳ ነበር።

እኛ አዘጋጆቹ ከመምህራኑና ከክብር እንግዳው ጋር ፊት ረድፍ ነን። እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነበር። ሲያልቅ ተቃቅፈን ፎቶ ተነሣን።

በማግሥቱ ወንበር ልንመልስ ስንሄድ አዳራሹን የሚጠብቁት ጋሼ ጠሩኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ሲገባና ሲወጣ ያዩ ሰው ናቸው። "ነይ እስቲ ልጄ" ብለው የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው መድረኩ ላይ ወጥተው በተለመደው ድምፃቸው የሆነ ነገር ተናገሩ። ድምፁ ይመጣል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ተመልሰው መጡና "ትናንት ሰው ሁሉ የተቀመጠው እዚህ ነው። እዚያ ፊት የነበራችሁት እናንተ ብቻ ናችሁ" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም ጋሼ?"

"ማን ጠየቀኝ?" አሉና ሳቁ።

እስካሁን የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት ከዚያች ወንበር ላይ ሆኜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ውስጥ ክርክር በተነሣ ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ነገር ሆነ፦ መጨረሻ ረድፍ ላይ ያለው ሰው ይሄ ይደርሰዋል ወይ?

የሚቀጥለውን ዓመት ከሰዓቱ ጀመርን። መጀመሪያ የጠየቅነው ተማሪው ወደ ቤቱ የሚሄድበት ትራንስፖርት መቼ እንደሚያልቅ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቆጠርን። 90 ደቂቃ፣ ያለ እረፍት። እረፍት ከተማ መሀል ባለ ግቢ አደገኛ ነገር ነው፤ ለአፍታ የወጣው በዚያው ይሸበለላል። ከ90ው ውስጥ ለአቅራቢዎች የሰጠነው 60ውን ብቻ ነው። ቀሪው ለመውጣት፣ ለመውረድ፣ ለጭብጨባና ለመዘግየት ይሁን አልን። ፖስተሩ ላይም የሚጀምርበትን ብቻ ሳይሆን የሚያልቅበትን ሰዓት ጻፍን። ይህቺን ትንሽ ነገር እባካችሁ ሞክሯት። መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው ሰዓቱን እያየ አይቁነጠነጥም።

60 ደቂቃ ማለት ግን ብዙ ሰው ይቀራል ማለት ነው። ጠቡም እዚህ ጋ ነው። እኛን ያዳነን በየወሩ የከፈትነው ትንሽ መድረክ ነበር። አንድ መማሪያ ክፍል፣ ወንበር በክብ፣ ማይክ የለም፣ የመጣ ሁሉ ያነባል። ዓመታዊው ምሽት ላይ የሚቀርበው እዚያ ከተሰማው ተመርጦ ሆነ። መራጮቹ የማያቀርቡ ሰዎች ናቸው፤ ግጥሞቹንም ስም ሳይጻፍባቸው ነው የሚያነቧቸው። ቅሬታ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ግን "ጓደኞቻቸውን መረጡ" የሚለው ሐሜት አቅም አጣ። ከሁሉም በላይ ያልተመረጠውም የሚያነብበት ቦታ አለው።

ተውኔቱን ሁለተኛ ላይ አደረግነው። ሰው ገብቶ ሲረጋጋ፣ ገና ሳይደክም። ዕቃ ማስገባትና ማስወጣቱም ቀለለ፤ ቀድሞ ተደርድሮ ይጠብቃል። የክብር እንግዳውን ንግግር ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ አስገብተን ሁለት ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ቀደም ብለን በትሕትና ነገርናቸው። ደስ አላቸው እንጂ አልተቀየሙም። ለካ እነሱም ረጅም ንግግር ይሰለቻቸዋል።

ለምታነቡ ልጆች ጥቂት ልበል። ጊዜያችሁን ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ በስልክ ሰዓት ለኩ። በልብ ሲያነቡት ይፈጥናል፤ ያታልላል። ወረቀት ከሆነ ጠንካራ ካርቶን ላይ ለጥፉት፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ አይታይም፣ ማይኩም የወረቀት ኮሽታ አይሰማም። ከስልክ የምታነቡ ከሆነ ኔትወርኩን አጥፉት። አንዱ ጓደኛችን ስለ እናቱ የጻፈውን ግጥም እያነበበ እናቱ ደወሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ፤ ግጥሙ ግን እዚያው ቀረ።

አዳራሽ ስትመርጡ ይመጣል ብላችሁ ከምታስቡት ሰው ትንሽ የሚያንሰውን ምረጡ። ሞልቶ ጥቂት ሰው የቆመበት ክፍል ይሞቃል። ይህን ስል ግን አንድ ነገር አብራችሁ ያዙልኝ፦ በሮቹ። "መግቢያ በአንድ በኩል ይሁን" ብሎ ሁለተኛውን በር መቆለፍ የተለመደ ነው። እንዳታደርጉት። መግባቱን በአንድ በኩል ተቆጣጠሩ፤ ሌላው በር ግን ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት ይሁን፤ አጠገቡም ሰው አቁሙ። መተላለፊያው ላይ ተጨማሪ ወንበር አታስገቡ። የክፍሉ የሰው ልክ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ከሞላ በሩ ላይ "አበቃ" በሉ። ያስከፋል። ቢሆንም በጭስ ወይም በግርግር ሰው ከሚረጋገጥ ይሻላል።

አንድን አዳራሽ በነጻ መፈተሽ ይቻላል። ባዶውን ሳለ መሀሉ ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግድግዳው 17 ሜትር ከራቀ ጭብጨባችሁ ሄዶ ለመመለስ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ይፈጅበታል። በዚህን ጊዜ ጆሮ የተመለሰውን እንደ ሁለተኛ ጭብጨባ መለየት ይጀምራል። ግጥም ሲነበብ ደግሞ የፊተኛው ቃል ሳይጠፋ የኋለኛው ይደርስበታል፤ ጋሼ ያስተማሩኝ ይህንን ነበር። መፍትሔው ድምፁን መጨመር አይደለም። ሲጨመር ማሚቶውም አብሮ ይጨምራል። መጋረጃ ዝጉ፣ አንባቢው ይዘግይ፣ ስፒከሩን ወደ ሰው እንጂ ወደ ግድግዳ አታዙሩ። የሰው አካልና ልብስ ራሱ ድምፅ ይመጥጣል። ስለዚህ በልምምድ ላይ የሚያስተጋባ አዳራሽ ሰው ሲሞላበት ይሻሻላል። ሙከራ ላይ ያስተካከላችሁትን ታዳሚው ከተቀመጠ በኋላ እንደገና አስተካክሉ።

ስለዚያ ጩኸት የነገረኝ ድምፅ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ለምነን ያመጣነው። ማይኩ የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ እየሰማ ነው አለን። የሰማውን መልሶ ይልካል፣ ስፒከሩ ያጎላዋል፣ ማይኩ እንደገና ይሰማዋል፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ስለዚህ ስፒከሮቹ ከማይኩ ፊት ለፊት ወጣ ብለው፣ ጀርባቸውን ለአንባቢው ሰጥተው መቆም አለባቸው። እኛ ግን ለውበት ብለን ከመድረኩ ጀርባ ግራና ቀኝ አቁመናቸው ነበር። ሁለተኛው ነገር የአፍ ርቀት ነው። ከአፍ እስከ ማይክ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ማይኩ ላይ የሚደርሰው ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ይቀንሳል። አንባቢው ሲሸሽ ድምፅ ሠሪው ለመጨመር ይገደዳል፤ ጩኸቱ ይመጣል። አፋችሁን ቀረብ አድርጉ። የማይኩን ራስ ግን በመዳፍ አትጨብጡ፤ እንደ ራፐር መያዝ ያምር ይሆናል፣ ግን ጩኸት ይጠራል።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ሂሳብ አለው። ቮልቱን በአምፔሩ ስታባዙ መስመሩ የሚችለውን ዋት ታገኛላችሁ። 220 ቮልት ባለበት፣ 16 አምፔር ማቋረጫ (ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ያለው መስመር 3,500 ዋት ገደማ ይሸከማል። እያንዳንዳቸው 1,000 ዋት የሆኑ ሦስት የመድረክ መብራቶች ከሰካችሁ ሊሞላ ነው። ልምምድ ላይ አንዷ ልጅ ከመድረክ ጀርባ የጭፈራ ልብስ ልትተኩስ ካውያ ሰካች። ካውያ ብቻውን 2,000 ዋት ሊደርስ ይችላል። መብራቱም ድምፁም አንድ ላይ ድርግም አለ። በልምምድ ቀን መሆኑ በጀን። ድምፁንና መብራቱን በተለያየ መስመር ላይ ስኩ፤ የትኛው ሶኬት ከየትኛው ማቋረጫ ጋር እንደተያያዘ የግቢውን ኤሌክትሪሺያን ጠይቁ። የተጠቀለለ ማራዘሚያ ገመድ ካለ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ተጠቅልሎ ብዙ ጭነት ከተሸከመ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል።

ሥዕሎቹ መጀመሪያው ዓመት ላይ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። መብራት ሲጠፋ አብረው ከዓይን ጠፉ። ሁለተኛው ዓመት ላይ ሰው ተሰልፎ የሚጠብቅበት ኮሪደር ላይ ሰቀልናቸው። ወረፋ አሰልቺ ነው፤ ሥዕል ካለ ግን ያያል፣ ይከራከራል፣ ሠዓሊውን ይጠይቃል። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲሜትር ላይ እንዲሆን አድርጉ፤ የብዙ ሰው ዓይን እዚያ ነው። ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት አትስቀሉ። በተለይ ወረቀት ላይ የተሠራ የውሃ ቀለም ቶሎ ይደበዝዛል፤ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ሥራ በ50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ በሚሆን ደብዘዝ ያለ ብርሃን የሚያሳዩት ለዚህ ነው። ሥዕል ስትረከቡ ደግሞ የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሡ፤ ተፈራረሙ። "ጥጉ ቀድሞም የተቀደደ ነበር" የሚለው ክርክር ጓደኝነት ሲያፈርስ አይቻለሁ።

አሁን ከቴክኒኩ ወጥቼ በጣም ያሳፈረን ነገር ላይ ልቆይ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሩቅ አካባቢ የመጣች ተማሪ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አንድ ዜማ አቀረበች። መድረክ መሪው ቋንቋውን አይሰማም። ዜማው ሲጀምር "ሞቅ አድርጉላት! አጨብጭቡ!" አለ። ሰውም እየጨፈረ አጨበጨበ። እሷ እስከ መጨረሻው ዘፈነችና ወረደች። ኋላ ላይ ነው የሰማነው፦ የለቅሶ እንጉርጉሮ ነበር። ለሞተ ሰው የሚባል። ማንም በክፋት አላደረገውም። ማንም ግን አልጠየቃትም።

"የባህል ዝግጅት" የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ እንዲህ ይበላሻል። ሁሉንም ባህል ልብስና ጭፈራ እናደርገዋለን። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ አቅራቢ አጭር ጥያቄ ማቅረብ ጀመርን። ይህ ዜማ ወይም ጭፈራ መቼ ነው የሚቀርበው? መድረክ ላይ መቅረቡስ ይፈቀዳል? ታዳሚው ምን ያድርግ፣ ያጨብጭብ ወይስ ዝም ይበል? መልሱን መድረክ መሪው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ የሚናገረውንም አቅራቢዋ አስቀድማ ታየዋለች። አንድ ቡድን "ይሄ ለአምልኮ ብቻ ነው፣ ለመድረክ አይሆንም" ብሎ ሌላ መረጠ። ሳንጠይቅ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን እንሸከመው ነበር። ያቺን ልጅም ሄደን ይቅርታ ጠየቅናት። ሁለተኛው ዓመት ላይ ያንኑ እንጉርጉሮ ደገመችው። መድረክ መሪው ምን እንደሆነ ተናገረ፣ ሰዉ ዝም አለ፣ ሲያልቅም ለትንሽ ጊዜ ማንም አላጨበጨበም። ከሁለቱም ምሽት ያንን የሚያክል ነገር አላየሁም።

የሌላ ሰው ድርሰት የምትጫወቱ ከሆነ ፈቃድ ጠይቁ። የበርን ስምምነት የሚባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. ከ1886 ጀምሮ ያለ ነው። በእሱ መሠረት የደራሲ መብት በጥቅሉ ቢያንስ ደራሲው ከሞተ 50 ዓመት እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ ብዙ አገሮች 70 አድርገውታል። "እኛ ተማሪዎች ነን፣ በነጻ ነው" ማለት በራሱ ፈቃድ አይሆንም፤ የአገራችሁ ሕግ ለትምህርት ቤት የሚፈቅደው ነገር ካለ እሱን እዩ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኛ የጻፍንለት ደራሲ ፈቅዶ ብቻ አልቀረም፣ ራሱ መጣ። ልጆቹ ላብ በላብ ሆኑ።

ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ የግቢውን በር አትርሱ። ከተማው ውስጥ ያለ ጥበብ ወዳድ ቢመጣላችሁ ደስ ይላል፤ ግን ጥበቃው ዝርዝር ካልደረሰው አያስገባም፣ እውነቱንም ነው። የስም ዝርዝሩን ከአንድ ቀን በፊት አድርሱ። በሩ ላይ የክበቡ ሰው ይቁም፤ የተረኛው ጥበቃ ፈረቃ መቼ እንደሚቀየርም እወቁ። ዝርዝሩን የተቀበለው ቤቱ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

በሁለተኛው ምሽት ጋሼን የመጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀመጥናቸው። ካልተሰማቸው እጃቸውን ያነሣሉ፤ ድምፅ የሚሠራው ልጅ እሳቸውን ብቻ ያያል። የኋላ ወንበሮችን ደግሞ ለሚያረፍድ ሰው ክፍት ተውናቸው። ያረፈደ ሰው የሚገባው አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው ሳይጀምር ብቻ ነው፤ በሩ ላይ የቆመችው ልጅ ይህን ለማስከበር ስንቱን ተኮራረፈች። ሁሉም ነገር አልተሳካም። ፕሮጀክተሩ ሰነፈ፤ አንዱ ገጣሚ አሁንም ሁለት አነበበ። ግን ባልነው ሰዓት አለቀ።

በማግሥቱ ሳይቀዘቅዝ ሦስት ነገር ጨርሱ። የተዋሳችሁትን ዕቃ መልሱ። ወጪና ገቢውን ከነደረሰኙ አባላት በሚያዩት ቦታ ለጥፉ፤ የክበብ ገንዘብ ላይ ሐሜት ከተነሣ በኋላ ማስረዳት አይሠራም። ከዚያ ለሚቀጥሉት ልጆች አንድ ፋይል ጻፉ። ደብዳቤው በየትኛው ቢሮ በኩል ያልፋል፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ማን ይፈርማል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው፣ የትኛው ሶኬት አይሠራም። ዝርዝር ስም ካስቀመጣችሁ በየዓመቱ አድሱት፤ ቁልፍ የያዘው ሰው ሊቀየር ይችላል።